ድምፄን ያውቁት ነበር፣ ድምፃቸውን ግን አልጠየቅኋቸውም

ለ11 ዓመት በየቅዳሜው ጠዋት ቀይዋ መብራት ስትበራ «እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ» ስል ኖሬአለሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ባለ አንድ የማኅበረሰብ ራዲዮ የአማርኛውን ሰዓት የማዘጋጀውም የማቀርበውም እኔ ነበርኩ። ደመወዝ የለውም። እንጀራዬ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምሠራው ሥራ ነው። ራዲዮው ግን ልቤ ነበር። የአገር ቤት ዜና አነባለሁ፣ የለቅሶና የሠርግ ማስታወቂያ እናገራለሁ፣ በወር አንዴ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እጋብዛለሁ። ሀበሻ ሱቅ ገብቼ ገና «ሰላም» ስል ሰው ዞር ይላል። «አንቺ የራዲዮዋ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። ፊቴን አያውቁትም፤ ድምፄን ግን ያውቁታል።

በ2022 ይህን ድምፅ ይዤ ፖለቲካ ውስጥ ገባሁ። ካልጋሪ ያለችበት የአልበርታ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ምክር ቤት አባል፣ እዚህ በአጭሩ ኤም ኤል ኤ የምንለውን፣ መሆን ፈለግሁ። ምክር ቤቱ ያኔ 87 ወንበር ነበረው። ለአንዱ ወንበር የፓርቲ ዕጩ ለመሆን ተወዳደርኩና ዕጩነቱን ሳላገኝ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ነው። በቶሮንቶም፣ በኤድመንተንም፣ በዊኒፔግም ማይክ የያዙ፣ ሰው የሚያዳምጣቸው፣ ልባቸው ወደዚህ የሚያዘነብል ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔን ያገኘኝ እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው። ፓርቲውን፣ ጣቢያውንም ሆነ ሰዎቹን በስም አልጠራም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት አድማጭ ስልክ ነው። አገር ቤት 9 ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች። እዚህ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። የሙያ ፈቃድ ለማውጣት የደረሰባትን መጉላላት አየር ላይ እየተናገረች ድምፅዋ ተቆረጠ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ለአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ደወልኩ፤ ደብዳቤም ጻፍኩ። መልስ መጣ። ጨዋ መልስ ነው፤ ግን ምንም የለበትም። የሙያ ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ሳይሆን የፕሮቪንስ ጉዳይ ነው። አልበርታ ከማርች 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላት። ፈቃድ ሰጪዎች በውጭ የተማሩ ባለሙያዎችን በግልጽና በፍትሐዊ መንገድ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። ሕጉ አለ። የእኛ ሰው ግን መኖሩን እንኳ አያውቅም። «እኔ ራሴ ለምን አልገባም?» ያልኩት ያን ቀን ማታ ነው።

ደግሞ ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፉ ነበሩ። ራልፍ ክላይን የዚሁ የካልጋሪ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ነበሩ። የማዘጋጃ ቤቱን ወሬ ሲዘግቡ ኖረው በ1980 ራሳቸው ከንቲባ ሆኑ። በ1989 ምክር ቤት ገቡ፣ ከ1992 እስከ 2006 ደግሞ ፕሪሚየር ሆነው አልበርታን መሩ። ዳንዬል ስሚዝም ካልጋሪ ውስጥ የራዲዮ ቶክ ሾው አቅራቢ ነበሩ። በኦክቶበር 2022 ፕሪሚየር ሲሆኑ እኔ የአባልነት ፎርም ይዤ ስዞር ነበር። ፖለቲካቸውን ውደዱትም አትውደዱትም፣ መነሻቸው ማይክ ነው። እኔም ይህን አይቼ ራዲዮ ያደርሳል አልኩ። ራዲዮ እስከ በሩ ያደርሳል። በሩን ማንኳኳት ሌላ ሥራ መሆኑን ግን ያኔ አላወቅሁም።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። መወዳደሬን በራሴ ፕሮግራም ላይ ተናገርኩ። ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት። ከ11 ዓመት በኋላ ለቤተሰቤ የምነግር መስሎኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ጣቢያው ጠራኝ። ሁለት ሰዎች ቅሬታ አስገብተዋል። የካናዳ የስርጭት ተቆጣጣሪ፣ ሲ አር ቲ ሲ፣ በምርጫ ዘመቻ ወቅት ጣቢያዎች ለተወዳዳሪዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ዕድል እንዲሰጡ ያዛል። ለዚህ ነው ዕጩ የሆነ አቅራቢ በዘመቻው ጊዜ ከማይክ የሚወርደው። የእኔ ገና የፓርቲ ውስጥ ውድድር ነበር፤ ዘመቻው አልተጀመረም። ጣቢያው ግን ነገር አልፈለገም። በዚያው ሳምንት ከአየር ወረድኩ። አድማጮቼን በወጉ አልተሰናበትኩም። የሚተካኝ ሰው አላዘጋጀሁም። ሁለት ቅዳሜ በእኛ ሰዓት ሙዚቃ ብቻ ተላለፈ።

ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። እባካችሁ፣ ለመወዳደር ካሰባችሁ ለማንም ከመናገራችሁ በፊት ለጣቢያችሁ ኃላፊ ንገሩ። የምትወርዱበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ። ተተኪያችሁን ቢያንስ ሁለት ወር አለማምዱ። የመጨረሻውን ፕሮግራም ለስንብት ብቻ አድርጉት። ስለ ውድድሩ አንዲት ቃል አትተንፍሱ። ማይኩ የእናንተ አይደለም፤ የሕዝቡ ነው።

ቀጥሎ ፓርቲው ማንነቴን ማጣራት ጀመረ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ረጅም ቅጽ ይሰጧችኋል። ዕዳ፣ ክስ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾች፣ በአደባባይ የተናገራችሁት ሁሉ ይጠየቃል። እኔ በአደባባይ የተናገርኩት 11 ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ያውም በአማርኛ። «ቅጂዎቹን ስጪን፤ አወዛጋቢ የሆኑትን ደግሞ ተርጉመሽ አምጪ» አሉኝ። ግማሹ ቅጂ አሮጌ ሃርድ ድራይቭ ላይ ነው፤ ቀን እንኳ አልተጻፈበትም። ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት የራሴን ድምፅ ሳዳምጥ አደርኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድም በር አላንኳኳሁም። ራዲዮ ላይ የተባለ ነገር ጠፍቶ አይጠፋም። በ2023ቱ ዘመቻ ዳንዬል ስሚዝ ፖለቲካ ውስጥ ተመልሰው ከመግባታቸው በፊት የተናገሩት ሁሉ እየተፈለገ ወጥቶባቸዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሩ። እያንዳንዱን ፕሮግራም በቀኑ፣ በእንግዳውና በርዕሱ መዝግባችሁ አስቀምጡ። መወዳደሩ ቢቀር እንኳ የማኅበረሰቡ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። አድማጭ ቆጠርኩ። ፕሮግራማችን በፌስቡክም ይተላለፋል። አንዳንዱን ሳምንት ስድስት ሺህ ሰው ያየዋል። «ከስድስት ሺህ ውስጥ አምስት መቶ አላጣም» አልኩ። የፓርቲ ዕጩ የሚመርጡት ግን የፓርቲው አባላት ናቸው፤ አባሉ ደግሞ በዚያው የምርጫ ክልል የሚኖር መሆን አለበት። የምርጫ ክልል ማለት ጥቂት ሰፈሮች ናቸው። ስድስት ሺው ሰው ግን ኤድመንተን አለ፣ ሲያትል አለ፣ ዱባይ አለ፣ አዲስ አበባ አለ። ብሩክስ ከተማ፣ ከካልጋሪ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚነዳ፣ በሥጋ ፋብሪካ የሚሠሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ከአድማጮቼ ሁሉ የሚበረቱት እነሱ ነበሩ። አንዳቸውም ሊመርጡኝ አይችሉም ነበር።

ይህን ሳላጣራ በየዝግጅቱ ፎርም አስሞላሁ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በልደት፣ በማኅበር። አራት መቶ ፎርም ሰበሰብኩ። አድራሻው ሲጣራ 114ቱ ከክልሉ ውጭ ሆኑ። 286 ቀረ። አባልነቱ 10 ዶላር ነው፤ በፓርቲዬ ደንብ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኪስ መክፈል አለበት። «አንቺ ክፈይልንና ጨርሺው» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለእኛ ይህ ወግ ነው፤ ሒሳብ መሻማት የኖርንበት ነው። እዚህ ግን ያስጠይቃል። በትሕትና እምቢ በሉ።

በገንዘብ በኩልም ተሳስቻለሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ 17ኛ አቬኑ ላይ ምግብ ቤት አላቸው። 500 ዶላር ቼክ ጻፉልኝ። ቼኩ የድርጅታቸው ነበር። አልበርታ ውስጥ ድርጅትም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ለፖለቲካ እንዳያዋጣ በ2015 ተከልክሎ ነበር። የሚያዋጣው ሰው የአልበርታ ነዋሪ መሆን ነበረበት። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የላከችውንም መለስኩ። ቼኩን ስመልስላቸው ሰውየው የናቅኋቸው መሰላቸው። ሕጉን ከገንዘቡ በፊት ባስረዳቸው ኖሮ አይከፉም ነበር። ያ ሕግ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ እናንተ ስትጀምሩ በዚያ ጊዜ የሚሠራበትን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ሒሳብ የሚያውቅ፣ እምቢ ማለት የማያፍር ሰው ገንዘብ ያዥ አድርጉ። ዘመድ አይሁን።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ ልለፈው አልችልም። ያ ጊዜ አገር ቤት ጦርነት የነበረበት ነው። በኖቬምበር 2020 ተጀምሮ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ኖቬምበር 2022 ነበር። እኔ በር ለበር ስዞር ማለት ነው። በሁለቱ ዓመት ውስጥ በፕሮግራሜ ላይ ለማንም ላለመወገን ተጠንቅቄአለሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በር ላይ ግን «ወንድሜ ሲሞት አንቺ ዝም ብለሻል» ያለችኝ እናት አለች። ከሁለት ቤት ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ደግሞ ተቃራኒውን ነገር ይዞ ተቆጣኝ። ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ያዳምጡኝ የነበሩ ናቸው። መጀመሪያ መከራከር ጀመርኩ፤ ቀን እየጠቀስኩ፣ ፕሮግራም እየጠቀስኩ። አይጠቅምም። በኋላ የገባኝ፣ ሰው ያዘነበትን ነገር አስቀድሞ ቤቱ ሄዶ መስማት እንደነበረብኝ ነው። ፎርም ሳልይዝ። ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ለቅሶአቸውን ደርሼ። ማይክ ፊት መጠንቀቅ ቤታቸው ሄዶ መቀመጥን አይተካም።

የበር ማንኳኳቱ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በሩን ከፈተልኝ። ከሌሊት ሽፍት ገና መግባቱ ነው፤ ካልሲውን እንኳ አላወለቀም። እኔ ስለ አንድነታችን፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ስለመወከላችን ንግግር ጀመርኩ። ራዲዮ ላይ የማምርበት ንግግር ነው። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝና «እታለም፣ እሱን ተዪውና ኢንሹራንሱን ንገሪኝ» አለኝ። በመኪና ኢንሹራንስ ጭማሪ ላይ የነበረው የ5 በመቶ ጣሪያ በ2019 ተነሥቷል። የእሱ ዋጋ በየዓመቱ ወጥቷል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ክላስ 1 የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይፈልጋል። ከማርች 2019 ጀምሮ በወጣው ደንብ 113 ሰዓት ስልጠና ግዴታ ነበር፤ ዋጋው ወደ 10 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። «ይሄ የማን ሥልጣን ነው?» አለኝ። የፕሮቪንሱ ነው። ምን እንደማደርግለት ግን መልስ አልነበረኝም።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ በ11 ዓመት ውስጥ ስለ ፕሮቪንስ ጉዳይ ስንት ፕሮግራም እንደሠራሁ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ነው። ስለ ኢሚግሬሽን ከመቶ በላይ። ኢሚግሬሽን በዋናነት የፌዴራል ነው፤ ኤም ኤል ኤ ስፖንሰርሺፕ አያስጨርስም። የሐኪም ወረፋው፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሙያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የአረጋውያኑ ማረፊያ፣ ይህ ሁሉ ኤድመንተን ባለው ምክር ቤት የሚወሰን ነው። ሰዉ የሚኖረው በእነዚህ ውስጥ ነው። ራዲዮ ያላችሁ ወገኖች፣ ብትወዳደሩም ባትወዳደሩም ይህን ለይታችሁ ለአድማጮቻችሁ ንገሯቸው። አንድ ወር ሙሉ «ይህ የማን ሥራ ነው?» የሚል ፕሮግራም ብትሠሩ ትልቅ ውለታ ነው።

ሌላም ልማድ ከራዲዮ ይዤ መጥቼ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ዝምታ ጥፋት ነው። ሦስት ሰከንድ ዝም ካላችሁ ኦፐሬተሩ በመስታወቱ በኩል ዓይኑን ያፈጥባችኋል። በር ላይ ግን «እሑድ መጥተው ይመርጡኛል?» ብሎ መጠየቅና ዝም ማለት ያስፈልጋል። እኔ አልችልም ነበር። ጥያቄውን ጠይቄ ሰውየው አፉን ሳይከፍት «መቼም እንደሚመጡ አምናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰዉም ፈገግ ብሎ ይሸኘኛል። ወረቀቴ ላይ «ይመጣል» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ሰው ግን እመጣለሁ አላለም። እንዲል ዕድል አልሰጠሁትም።

የዕጩ ምርጫው ቀን የዲሴምበር መጀመሪያ እሑድ ሆነ። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት በሩ ይከፈታል፣ ልክ 5 ሰዓት ላይ ምዝገባው ይዘጋል። ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ቦታውን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ ካላንደሬ ላይ ጻፍኩት። እሑድ ጠዋት መሆኑን አላየሁም። ማለት ዓይኔ አይቷል፤ ልቤ አላየም። ከደጋፊዎቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። ቅዳሴ ላይ ናቸው። ያውም የነቢያት ጾም ነው። ለፓርቲው በጊዜ ባመለክት ቀኑን ይቀይሩት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ከዓመት በፊት በሌላ ክልል ለሌላ እምነት ተከታዮች ቀይረዋል። እኔ አልጠየቅሁም።

ያን ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች 24 ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ውስጥ የእኔን ሰዎች ብቆጥር ሰማንያ አይሞሉም። ተቀናቃኜ ከእኔ ያነሰ አባል ነው ያስመዘገበው፤ 180 ገደማ። ግን 12 መኪና አሰልፏል። አንድ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሁለት ልጃገረዶች ሕፃናት ይጠብቁለታል። እያንዳንዱ ሰው ስም ዝርዝር ላይ አለ፤ ሲገባ ምልክት ይደረግበታል፤ ያልመጣው ይደወልለታል። እኔ የነበረኝ ንግግር ነው። አራት ቀን የሠራሁት፣ የማምርበት ንግግር።

5 ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቅዳሴ አቋርጠውም፣ ጨርሰውም የመጡት መድረስ ጀመሩ። በመስታወቱ በር በኩል አየኋቸው። ነጠላቸውን ከወፍራም ጃኬታቸው በላይ እንዳጣፉ በረዶው ላይ ቆመዋል። አንዲት አሮጊት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መታወቂያቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያሳያሉ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል። አርባ የሚሆኑ ነበሩ። እኔ 97 ድምፅ አገኘሁ። በ31 ድምፅ ተሸነፍኩ።

ወጥቼ አንድ በአንድ እጃቸውን ጨበጥኳቸው። እሳቸው አሮጊቷ «ይቅር በይን ልጄ» አሉኝ። ይቅርታው የእኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በአጭሩ ላልፈው። የራዲዮውን ወንበር ሌላ ሰው ይዞታል። ስልኬን አጥፍቼ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሆንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከእንቅልፌ እነቃለሁ፤ አፌ «እንደምን አደራችሁ» ሊል ይሞክራል። አንድ ቀን ከእኛ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ሰው ዝም ብለው ተቀመጡ። ሲነሡ ብቻ «ከ286ቱ ስንቱን ደውለሽ አመሰገንሽ?» አሉኝ። አንድም።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ሁሉንም ደወልኩላቸው። በቀን አሥር አሥር። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠይቃቸው፤ ያን ቀን ምን እንዳስቀራቸው፣ ቤታቸው ውስጥ የከበዳቸው ነገር ምን እንደሆነ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የመጣው መልስ አስደነገጠኝ። ሽፍት ላይ ነበርኩ ያለ አለ። መኪና አልነበረኝም ያለ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ፎርሙን ስሞላ የመረጥኩ መስሎኝ ነበር» ያለው ነው። ስልሳ የሚሆን ሰው በአባልነት ፎርምና በድምፅ መስጠት መካከል ያለውን ልዩነት አላወቀም። 11 ዓመት ነገር ሳስረዳ የኖርኩት እኔ፣ ይህን አንድ ነገር አላስረዳሁም።

ያሸነፈኝ ሰው ደውሎ በዘመቻው አብሬው እንድሠራ ጠየቀኝ። ሁለት ቀን አስቤ እሺ አልኩ። ይህን ውሳኔ ብዙ ሰው አልወደደልኝም። እኔ ግን ከሠራሁት ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የተሸነፋችሁበትን ቡድን ሥራ ከውስጥ እንደማየት ያለ ትምህርት ቤት የለም። የዘመቻው ኃላፊ የመጀመሪያ ቀን የነገረችን ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሬኔ ሌቬክ በ1950ዎቹ በኩቤክ ቴሌቪዥን ከታወቁት ፊቶች አንዱ ነበሩ። የዜና ትንታኔያቸውን ያላየ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። በኋላ በ1976 ፕሪሚየር ሆነዋል። በ1960 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞንትሪያል ውስጥ ሲወዳደሩ ያለፉት በ129 ድምፅ ብቻ ነው። «ያ ሁሉ ዝና 129 ነው የተረፈው» አለችን። ከአራት ወር በኋላ በሜይ 29 ቀን 2023 ምርጫ የራሳችን ከተማ ይህንኑ አየች። በካልጋሪ አካዲያ የፍትሕ ሚኒስትሩ ወንበራቸውን ያጡት ከ30 ባነሰ ድምፅ ነው። አንድ አውቶቡስ የማይሞላ ሰው ማለት ነው።

ዳንዬል ስሚዝም ቢሆኑ ማርች 2015 ላይ በሃይዉድ ክልል የፓርቲ ዕጩነት ተሸንፈው ነበር። ከዚያ በፊት የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነበሩ። ተመልሰው ራዲዮ ውስጥ ዓመታት ተቀመጡ። ይህን የምነግራችሁ ስለ እሳቸው ለማውራት አይደለም። የዕጩነት ሽንፈት የዓለም መጨረሻ የሚመስላችሁ ሌሊት ይመጣል። ያን ሌሊት አስታውሱት።

በዘመቻው ወቅት ያየሁትን አንድ ነገር ነግሬአችሁ ልጨርስ። አስቀድሞ ድምፅ መስጫው ከሜይ 23 እስከ 27 ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ከእኔ አፓርታማ ሁለት ብሎክ ርቃ ያለች ቤት አንኳኳሁ። በዝርዝሬ ላይ አልነበረችም። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከፈቱ። ከኋላቸው የዕጣን ሽታ ይመጣል። «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቴ ዓይናቸው በራ።

«አንቺ! የራዲዮዋ አይደለሽም?»

«ነኝ እማማ።»

ጎትተው አስገቡኝ። ረከቦቱ ላይ ስኒ ተደርድሯል። ከጀበናው ጎን ትንሽዬ ራዲዮ አለች፤ አንቴናዋ በፕላስተር ተጠግኗል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ እንዳላመለጣቸው ነገሩኝ። የካናዳ ዜግነት ካገኙ ሰባት ዓመታቸው ነው። አንድም ጊዜ መርጠው አያውቁም። ስለ ዕጩው ነገርኳቸው፣ ስለ ሌሎቹም ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ሳልሸፍን ነገርኳቸው። ከዚያ ጠየቅኋቸውና ዝም አልኩ። ቡናው ገነፈለ። ዝም አልኩ።

«እሱን አስቤ ራሴ እወስናለሁ» አሉ። «መሄዱን ግን እሄዳለሁ። የሚወስደኝ የለም እንጂ።»

«እኔ እወስድዎታለሁ።»

ስኒውን ሰጡኝና ትንሽ አሰብ አድርገው «ክረምት ላይ አንቺም ልትወዳደሪ ነበር አሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። እዚሁ ሰፈር።»

«ታዲያ እዚሁ ሆነሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት መጣሁላቸው። አድራሻ ያለበት መታወቂያ ስላልነበራቸው የጤና ካርዳቸውንና የመብራት ሒሳብ ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን ለብሰዋል።